የልጄ የጉበት ምርመራ ከፍ እያለ ይወጣል፣ ምክንያቱን የሚነግረኝ ግን አጣሁ

የአዘዞ እናት (ጠያቂ)፦

እንደምን ናችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፣ በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ወንድ ልጅ አለኝ፣ 4 ዓመት ከመንፈቁ ነው። በሰባት ወሩ ነው የተወለደው። ማሞቂያ ክፍል እያለ መንቀጥቀጥ ጀመረው። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው፣ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር አለበት፤ አንገቱን አጽንቷል፣ ብቻውን ግን አይቀመጥም። የሚጥል በሽታም ስላለበት ፌኖባርቢታል ይወስዳል። ቀጭን ነገር ሲጠጣ ትን ይለዋል። ስለዚህ አጥሚቱን ወፈር አድርጌ፣ ጀርባውን ደግፌ፣ በሻይ ማንኪያ ነው የማበላው። ቁርሱን አብልቼ ሳበቃ ምሳ ይደርሳል። ክብደቱ 11 ኪሎ ነው። አይናገርም፣ ግን ይስቃል። የአባቱን አይሱዙ ድምፅ ከሌላው መኪና ለይቶ ያውቃል። ገና መታጠፊያው ላይ ሲሰማው እግሩን ማወራጨት ይጀምራል።

ይሄንን ሁሉ ለምደነዋል። ስም አለው፣ ሐኪም አለው፣ ፊዚዮቴራፒ አለው። አሁን የመጣብን ግን ስም የለውም።

ለመድኃኒቱ ክትትል ተብሎ ደም ተሰጠ። የጉበት ምርመራ የሚባሉት ሁለቱ፣ ኤኤስቲ 142፣ ኤኤልቲ 168 ሆነው ወጡ። ወረቀቱ ከ40 በታች መሆን አለበት ይላል። አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለውም 390 ነው፣ እሱም ከፍተኛ ተብሎ ምልክት ተደርጎበታል። ዓይን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ደህና ነው። የጉበት ቫይረስ ቢም ሲም የለበትም። በአልትራሳውንድ ሲታይ ጉበቱ ምንም የለበትም ተባለ። ከወራት በኋላ ደሙ ተደገመ። ትንሽ ወርዷል፣ ግን አሁንም ከፍ ያለ ነው። አንዱን ምርመራ ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቋል ስላሉኝ ውጭ ነው ያሠራሁት። ያንን ጤና መድህኑ አልሸፈነልኝም። ገንዘቡስ ይሁን፣ ቁጥሮቹ ከሁለት ላብራቶሪ ስለሆኑ ለማወዳደርም ተቸገርኩ።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፣ አያጣድፈኝም። ወረቀቶቹን አገላብጦ ሲያበቃ «ምክንያቱን አላገኘነውም፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ እናየዋለን» አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ። ግን ያንን ይዤ ቤት ስገባ ምን ልበል?

እኔን የከበደኝ አለማወቁ ብቻ አይደለም። ምክንያቱ አልታወቀም ያልኩት ሰው ሁሉ የራሱን ምክንያት ይሰጠኛል። አማቴ መድኃኒቱ ጉበቱን እየበላው ነው፣ አቁሚና ጠበል ውሰጂው ይላሉ። ጎረቤቴ የሰው ዓይን ነው አለች። የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን አውጥታ የምታስፈራውን በሽታ መርጣ አነበበችልኝ፣ ያን ሌሊት አልተኛሁም። ባለቤቴ የመተማ መስመር ሹፌር ነው። ከመንገድ ይደውልና «አዲስ አበባ እንውሰደው፣ ያለንን ሸጠንም ቢሆን» ይላል። ሁሉም ስለሚወዱት ነው የሚናገሩት። የምወስነው ግን እኔ ነኝ፣ ከእሱ ጋር የምውለው እኔ ስለሆንኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥሩ በቀላሉ አይገኝም። እጁ ላይ ሲያጡ እግሩ ላይ ይፈልጋሉ። ይዤው የምቆየው እኔ ነኝ፣ እሱም ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ምን እያደረግንበት እንደሆነ ላስረዳው አልችልም። ስለዚህ እንደገና ደም ይቀዳ በተባለ ቁጥር፣ ምን ለማወቅ እንደሆነ እኔ ራሴ ማወቅ እፈልጋለሁ። ይሄ ከልክ ያለፈ ጥያቄ አይመስለኝም።

ልጃችሁ እንዲህ ምክንያቱ ያልተገኘ ውጤት የወጣበት ካላችሁ እንዴት አለፋችሁት? በሚቀጥለው ቀጠሮ ምን ልጠይቅ? አዲስ አበባስ መሄድ አለብኝ?


ላብ ቴክኖሎጂስት ከማራኪ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ አይዞሽ። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ልጅሽ ምን እንዳለበት ልነግርሽ አልችልም። ስለ ቁጥሮቹ ግን የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ 390 ያልሽውን እናንሳ። አልካላይን ፎስፋቴዝ ከጉበት ብቻ ሳይሆን ከአጥንትም ይመጣል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ ሥራ ላይ ስለሆነ ቁጥሩ ከአዋቂ በጣም ይበልጣል። ብዙ ቦታ ውጤት የሚታተመው በአዋቂ መለኪያ ነው፣ ማሽኑም ዕድሜውን ሳያይ «ከፍተኛ» ብሎ ምልክት ያደርጋል። ወረቀቱን እዪው፣ መለኪያው እስከ 120 ምናምን የሚል ከሆነ የአዋቂ ነው። ለ4 ዓመት ልጅ 390 ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም። ግን ሙሉ በሙሉ አትተዪውም። ፌኖባርቢታል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ዲ ሊቀንስ ይችላል፣ በዚያ ላይ የማይራመድ ልጅ ቤት ውስጥ ይውላል። አጥንቱ ሲሳሳም ይሄ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ ካልሲየምና ፎስፈረስ ታይቶለት እንደሆነ ጠይቂ። ፀሐይስ ታሞቂዋለሽ?

ኤኤስቲና ኤኤልቲ ደግሞ የጉበት ምርመራ እየተባሉ ይጠሩ እንጂ ጡንቻ ውስጥም አሉ፣ በተለይ ኤኤስቲ። ጡንቻ ሲጎዳ፣ ጉበቱ ደህና ሆኖ እያለም ሁለቱም ሊጨምሩ ይችላሉ። ይህንን ለመለየት ሲኬ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ከጡንቻ የሚወጣ ኢንዛይም ነው። ሲኬ ታዝዞ ያውቃል? የጻፍሽው ውስጥ አላየሁትም። ብዙ ጊዜ ጂጂቲ የሚባል ሌላ የደም ምርመራም አብሮ ይታያል፣ እሱ ወደ ጉበትና ወደ ሐሞት መስመር የሚጠቁም ነው። ግን ተጠንቀቂ፣ ፌኖባርቢታል ራሱ ጂጂቲን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ያውቃል። እኔ የምልሽ ውጤቱ በእጅሽ ሲገባ ብቻሽን እንዳትደነግጪ ነው።

ሌላው ናሙናው ነው። ሥሩ አይገኝም ብለሻል። ደሙ በግድ ሲሳብ፣ መርፌው ቀጭን ሲሆን፣ ክንዱ ታስሮ ሲቆይ ቀይ የደም ሕዋሶቹ ይፈነዳሉ። ያኔ ኤኤስቲና ፖታሲየም በውሸት ከፍ ይላሉ። ጥሩ ላብራቶሪ እንዲህ ያለ ናሙና ሲያገኝ ወረቀቱ ላይ ይጽፈዋል ወይም ሌላ ናሙና ይጠይቃል። «ናሙናው ሄሞላይዝድ (ሕዋሱ የፈነዳ) ነበር ወይ?» ብለሽ መጠየቅ መብትሽ ነው፣ እኛም አንቆጣም። ከቻልሽ የሚቀጥለውን በአንድ ላብራቶሪ አሠሪው። ደግሞ የሚፈለገው ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ መርፌ እንዲቀዳ አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ለዛሬ አንድ፣ ለሳምንት አንድ እየተባለ መወጋት የለበትም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ደሙ ከመሰጠቱ በፊት በነበሩት ቀናት አንቀጥቅጦት ነበር? ወይም ጡንቻው ላይ መርፌ ተወግቶ ነበር? ሁለቱም ሲኬን ይጨምራሉ።


ቀበሌ 18፦

እህቴ መድኃኒቱን እንዳታቆሚ!! የእህቴን ልጅ ፌኖባርብ በአንድ ጊዜ አስቁመውት መንቀጥቀጡ አልቆም ብሎ በኦክስጅን ነው የተረፈው። መቀየርም መቀነስም ካለበት ሐኪሙ ቀስ እያለ ያደርገዋል። አማትሽን በትሕትና እንቢ በያቸው። ሌላውን የሚያውቁት ይንገሩሽ።


የአዲስ ዘመኑ አባት፦

የልጅሽን እግር ማወራጨት ሳነብ ሴት ልጄ ትዝ አለችኝ። እሷ 9 ዓመቷ ነው። እስካሁን ምን እንዳለባት የነገረን የለም። ጎንደር ታክማለች፣ ጥቁር አንበሳም ታይታለች፣ ኤምአርአይ ተነስታለች። ራጁ ንጹሕ ነው አሉን። ንጹሕ ሲባል ደስ ይላል ብዬ ነበር የማስበው። እኔ ግን መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። የሚታይ ነገር ቢገኝ የሚደረግ ነገር ይኖራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበርና።

ስለዚህ የምትይው ይገባኛል። እኔን የጠቀመኝን ብቻ ልንገርሽ።

አንድ ጊዜ ደሟ ውስጥ ላክቴት የሚባል ነገር ከፍ ብሎ ወጣ። ከባድ የዘር በሽታ ሊሆን ይችላል ተባልን። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ኋላ አንዲት ነርስ ደሙ እንዴት እንደተቀዳ ጠየቀችኝ። ልጄ እየጮኸች፣ እየታገለች፣ ክንዷ ታስሮ ቆይቶ ነበር የተቀዳው። በሌላ ቀን አረጋግተን፣ ሳናስር ስናስቀዳ ቁጥሩ ወረደ። ላብራቶሪ የሚሠራው ወንድማችን ያለውን በደንብ ያዢው። ሁሉም ቁጥር እንዲህ ይወርዳል እያልኩሽ አይደለም፣ የእኛም ሌሎቹ አልወረዱም። ግን አንድ ወረቀት ብቻውን ፍርድ አይደለም። የሚታየው አካሄዱ ነው፤ እየወጣ ነው፣ እየወረደ ነው ወይስ ቆሟል? ያንቺ ትንሽ ወርዷል ብለሻል። ይሄም አንድ ነገር ይናገራል።

በቀጠሮሽ ቀን ምክንያቱ ምንድነው ብቻ ብለሽ አትጠይቂ። እሱን ሐኪሙ አላገኘሁትም ብሎሻል። «እየተከታተልን ባለንበት ጊዜ ምን ካየሁ ቀጠሮ ሳልጠብቅ ልምጣ?» በይው። እኔ ይህን የጠየቅኩ ቀን ነው እንቅልፍ ያገኘሁት። ለጉበት የነገሩን ይሄ ነበር፦ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰገራው ከነጣ፣ ካለወትሮው ከደነዘዘና አልነቃ ካለ፣ ትውከቱ ካላቆመ፣ ከድዱ ወይም ከአፍንጫው ደም ከፈሰሰ በዚያው ሰዓት ይዘሽው ሂጂ፣ ሌሊትም ቢሆን። ያንቺ ሐኪም ሊጨምርበት ይችላል። ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። አማትሽም ባልሽም እንዲያውቁት።

ደግሞ የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ተናገሪ፣ ከፋርማሲ የተገዛውን ብቻ አይደለም። አያቶች ሳይነግሩን የሚያጠጡት ቅጠላ ቅጠል አለ። አንዳንዱ ጉበት ይጎዳል። ፓራሲታሞልም እንደዚያው ነው። ሽሮፑም በመቀመጫ የሚሰጠውም አንድ መድኃኒት ስለሆነ ሁለቱን ደርበሽ እንዳትሰጪው።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ ባልሽን እረዳዋለሁ። እኔም በሬ ሸጬ ሄጃለሁ። አልቆጨኝም። ግን የምትሄዱ ከሆነ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪምሽ በሪፈር ወረቀቱ ላይ የሚፈልገውን ለይቶ ይጻፍላችሁ። «ለተጨማሪ ምርመራ» የሚል ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ ያንኑ ደም እንደገና ቀድተው ይመልሱሻል። ጎንደር እኮ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር የኖረች ከተማ ናት። እዚህ የሚሠራው ሳያልቅ ልጁን ይዞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገላታት አይገባም። መንገዱ ራሱ ይጎዳዋል። እንቅልፍ ሲያጣ መንቀጥቀጡ ይነሳበታል፣ መኪና ውስጥ ደግሞ ቀጥ አድርጎ ማብላት አይቻልም። ከሄዳችሁ አውሮፕላኑ እዚያው አዘዞ ደጃችሁ ላይ ነው፣ ለእሱ ብትቆጥቡ ይሻላል።

ምርመራ ምርመራ ስንል የዛሬውን እንዳንረሳ ደግሞ። ልጄን ከሁሉም በላይ የጠቀማት ወንበሯ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ለካችልን፣ አናጺ ከጎንና ከጎን መደገፊያ፣ ከፊት ጠረጴዛ አድርጎ ሠራው። ከዚያ ወዲህ ትን ማለቷ ቀነሰ፣ ኪሎም ጨመረች። የበሽታዋን ስም ሳናውቅ ነው ይሄ የሆነው።


የቄስ ልጅ፦

ልጄ፣ እኔ በዕድሜ ጠና ያልኩ ሴት ነኝ። አባቴ ቄስ ነበሩ። ስለ ጠበሉ ማንም ስላላነሳ ልናገር።

ጠበልና መድኃኒት ጠላት አይደሉም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኤችአይቪ ጊዜ ይህ ጥያቄ ሲነሳ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጠበሉ አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። አማትሽን «እንሂድ እማዬ፣ መድኃኒቱንም በሰዓቱ እንሰጠዋለን» በያቸው። ልጁ ትን ስለሚለው ጠበሉን በብዛት አይጠጣም፣ ይረጩት ወይም ይዳብሱት። ብርዱም አለ፣ ጠዋት በጣም በማለዳ አትውሰጂው። ትኩሳት መንቀጥቀጡን እንደሚያመጣበት ታውቂያለሽ።

ደግሞ አማትሽን ለቀጠሮው ይዘሻቸው ግቢ። ሐኪሙ ፊት ይቀመጡና ይስሙት። ሰው ከምራቱ አፍ ሲሰማና ከሐኪም ሲሰማ ልዩነት አለው። እኔ በልጄ ልጅ አይቼዋለሁ፣ እናቱ መድኃኒቱን ስትሰጠው በክፉ ዓይን ሳያት ኖሬ፣ አንድ ቀን አብሬያት ገብቼ ከሰማሁ በኋላ ሰዓቱን የማስታውስላት እኔ ሆንኩ።

ቀጠሮሽ ጥር ላይ ከሆነ ከ10 እስከ 12 አይሁን። ጥምቀት ላይ መንገዱ ተዘግቶ በሕፃን መንገላታት ይሆናል።


የአዘዞ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። አንዳንዱን ለባለቤቴ በስልክ አነበብኩለት። ሁመራ መገንጠያው ላይ መኪናውን አቁሞ ነው የሰማኝ።

የማራኪው ወንድሜ፣ ወረቀቱን አየሁት። እውነትህን ነው፣ መለኪያው የአዋቂ ነው፣ እስከ 130 ይላል። ይህን ያህል ጊዜ ያንን ቁጥር እያየሁ ስጨነቅ ከረምኩ። ፀሐይ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ አወጣዋለሁ፣ ክረምቱን ግን ብዙም አልወጣም። ካልሲየሙን እጠይቃለሁ። ሲኬ ፈጽሞ አልተሠራም። መንቀጥቀጡን ለጠየቅከኝ፣ ከመጀመሪያው ደም በፊት አዎ፣ ትኩሳት ይዞት አንቀጥቅጦት ነበር፣ መርፌም ጭኑ ላይ ተወግቷል። ከሁለተኛው በፊት ግን ምንም አልነበረበትም። ቁጥሩ ደግሞ ያኔም ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ ለሁሉም መልስ ተገኘ አልልም። ግን አሁን ሐኪሙ ፊት ስቀመጥ የማነሳው ነገር አለኝ። የተንቀጠቀጠባቸውን ቀናት ከደሙ ቀናት አጠገብ ጽፌ እወስድለታለሁ።

መድኃኒቱን አላቆምኩም፣ አላቆምምም። ይህን ለአማቴ ዛሬ ማታ ቡና ላይ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ቀጠሮው ላይ አብረውኝ እንዲገቡ ስጠይቃቸው «እኔ ምን አውቄ» አሉ፣ ኋላ ግን ቀኑ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥር አይደለም፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። የቄስ ልጅ እማማ፣ ጠበሉን እርስዎ እንዳሉት አደርጋለሁ። እኔም ባዶ እጄን ከሆስፒታል ስመለስ የምጸልይበት ቦታ ያስፈልገኛል።

ለጎረቤቴም ለባልደረባዬም የምላቸውን ወስኛለሁ። «ሐኪሙ እየተከታተለው ነው፣ እኛም የምናየውን ምልክት እናውቃለን» ብዬ በዚያው አበቃለሁ። ከዚያ በላይ አልናገርም። እያንዳንዱን ግምት መስማት ልጄን የማበላበትን ጉልበት ይወስድብኛል።

አዲስ አበባውን ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። ሲኬውና ሌላው እዚሁ ይሠራ፣ ከዚያ ሐኪሙ የሚፈልገውን ጽፎ ይስጠን፣ ከዚያ እንሄዳለን። እሱ ከአሁኑ ገንዘብ ማስቀመጥ ጀምሯል። እኔም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም አንሄድም አላልኩትም።

የአዲስ ዘመኑ ወንድሜ፣ ልጅህን ሳምልኝ። ስለ ወንበሩ ያልከው ከልቤ ገብቷል። አሁን የምይዘው ጭኔ ላይ አድርጌ ነው፣ ከባድ ሆኖብኛል። እናንተ ያሠራችሁት አናጺ ጎንደር ነው ወይስ አዲስ ዘመን? ፊዚዮቴራፒስቷ የለካችውን ቁጥር ብቻ ብልክለት ይሠራልኛል ወይስ ልጁን ይዤው መምጣት አለብኝ?